የግቢያችሁን ጉድጓድ ውሃ እንዴት ታስመረምራላችሁ? በአዳማና በዙሪያዋ ለምትኖሩ

የአክስቴ ቤት ከአዳማ ወደ ወንጂ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ግቢዋ ውስጥ በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ውሃው ኩልል ያለ ነው። ብርጭቆ ላይ ቀድታችሁ ወደ ፀሐይ ብታነሱት አንዲት ቅንጣት አታዩበትም። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ አንድ ምስጋና ይጨምሩለታል፦ «ሳሙና አይፈጅም፣ ወዲያው አረፋ ያወጣል!»

የልጅ ልጇ የፊት ጥርሶቹን ቀይሮ ሲያበቅል፣ አዲሶቹ ላይ እንደ ኖራ ነጭ ሰረዝ ወጣባቸው። ቆይቶ ሰረዙ ቡናማ ሆነ። ቤተሰቡ ልጁን «ጥርስህን ስለማትፍቅ ነው» እያለ ሲቆጣው ኖረ። ልጁ ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈን ለመደ። በኋላ ውሃው ሲመረመር ጥርስ የሚያበልዘው ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን ከሚፈቀደው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ልጁ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለዚያ ነው። ጉድጓድ ያላችሁ፣ ወይም ቤት ስትሠሩ ለማስቆፈር ያሰባችሁ፣ ከጎረቤት ጉድጓድ የምትቀዱም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በመጀመሪያ፦ ምን እንደምትፈልጉ እወቁ

በእኛ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ሁለት ትልልቅ ችግሮች አሉበት። አንዱ ከላይ ይመጣል፣ ሌላው ከታች።

ከላይ የሚመጣው ጀርም ነው። ሽንት ቤት፣ የከብት በረት፣ ጎርፍ፣ መሬት ላይ ተጥሎ የቆየ ባልዲ። አዳማ በኮረብታ የተከበበች ዝቅተኛ ቦታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ከየኮረብታው ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ክዳን የሌለው ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ይጠብቀዋል።

ከታች የሚመጣው ፍሎራይድ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። ከእግራችን በታች ያለው አለት ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው። ውሃው በዚያ አለትና አመድ ውስጥ ሲጓዝ ፍሎራይድ እያሟሟ ይሄዳል። ሶደሬ ላይ የምንታጠብበት ፍል ውሃ የሚነግረን ነገር አለ፦ መሬቱ ከስር ይሞቃል፣ ሙቀቱም ማሟሟቱን ያግዛል። ካልሲየም በበቂ ሁኔታ ቢኖር ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረው ነበር። የስምጥ ሸለቆ ውሃ ግን ብዙ ጊዜ ካልሲየሙ ትንሽ፣ ሶዲየሙ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ለስላሳ ነው። ሳሙናው ቶሎ አረፋ የሚያወጣውም ለዚህ ነው። አረፋ ብቻውን የፍሎራይድ ማስረጃ አይደለም። ግን «ሳሙና አይፈጅም» የሚባል ጉድጓድ ካላችሁ፣ ለእኔ ቶሎ ለማስመርመር በቂ ምክንያት ነው።

የወንጂ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው። ስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. በኔዘርላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ ሥራ ጀመረ። ሠራተኞቹና ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ ጠጡ። ልጆቹ ጥርሳቸው በለዘ። ረጅም ዓመት የጠጡት ሰዎች ወገባቸውና አንገታቸው እየደረቀ፣ ጎንበስ ብለው ቀና ማለት እስኪያቅታቸው ደረሱ። ፍሎራይድ አጥንት ውስጥ ሲከማች የሚያመጣው ይህን ነው።

እነዚህን ሁለት ችግሮች አታምታቱ። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ፍሎራይድ ግን አይነካም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ሲያንስ የቀረው ላይ ፍሎራይዱ ይበረታል። ክሎሪንም እንዲሁ ፍሎራይድ አይነካም። የሸክላም ሆነ የጨርቅ ማጣሪያ አያስቀረውም። «እኛ እኮ አፍልተን ነው የምንጠጣው» ብለው ተረጋግተው የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች አውቃለሁ። እፈራላቸዋለሁ።

ሁለተኛ፦ ከመመርመሩ በፊት ግቢውን ዙሩ

ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና ጉድጓዱ አጠገብ ቁሙ። ሽንት ቤቱ ስንት እርምጃ ይርቃል? ቢያንስ 30 ሜትር መሆን አለበት፤ በተዳፋት ላይ ከሆነ ደግሞ ከጉድጓዱ በታች እንጂ በላይ መሆን የለበትም። የጎረቤታችሁንም ሽንት ቤት ቁጠሩ፤ አጥር ከመሬት በታች አይለይም። የጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ሲሚንቶ አለው ወይስ ጭቃ? ሲሚንቶው ተሰንጥቋል? የፈሰሰ ውሃ ተመልሶ ይገባል? ክዳኑ ይገጥማል? ባልዲውና ገመዱ የት ነው የሚያርፉት?

አክስቴ ጋ የመጀመሪያው ጥፋት የተገኘው እዚህ ላይ ነው። ገመዱ ሁልጊዜ ዶሮዎቹ የሚጭሩበት መሬት ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጥ ነበር። በየቀኑ ስንት ጊዜ ወደ ውሃው እንደሚገባ አስቡት።

ጥልቀቱን፣ ውሃው ስንት ሜትር እንደሚቆም፣ የተቆፈረበትን ዓመት ጻፉ። ላቦራቶሪው ይጠይቃችኋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ለማየትም ሆነ ለማጽዳት ጉድጓድ ውስጥ አትውረዱ፣ ሰውም አታውርዱ። ታች አየር ላይኖር ይችላል። አንዱ ሲወድቅ ሊያወጣው የወረደው ሁለተኛው ሰውም አብሮ ይሞታል። በነዳጅ የሚሠራ ፓምፕ ወደ ውስጥ ማውረድ ደግሞ ጭሱን ከሰው ጋር መዝጋት ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ የትኛውን ምርመራ ልጠይቅ?

«ሁሉንም መርምሩልኝ» ካላችሁ ብዙ ብር ትከፍላላችሁ። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል እንድትሄዱ እመክራለሁ።

ፍሎራይድ የመጀመሪያው ነው። ዋጋው ምንም ይሁን ምን አትተዉት። የዓለም ጤና ድርጅት መጨረሻ ያለው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው፤ የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃም ይህንኑ ይዟል።

ቀጥሎ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ። ከሰውና ከእንስሳ አንጀት የሚወጣ ስለሆነ፣ ውሃው ውስጥ ከተገኘ ዓይነ ምድር ገብቷል ማለት ነው። በ100 ሚሊሊትር ውስጥ ዜሮ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ናይትሬት ነው። ከሽንት ቤት፣ ከበረትና ከማሳ ማዳበሪያ ይመጣል። መጨረሻው 50 ሚሊግራም በሊትር ነው። በተለይ በጡጦ የሚመገብ ጨቅላ ካላችሁ አስፈላጊ ነው፤ ከመጠን በላይ ሲሆን የሕፃኑ ደም ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ይህም በማፍላት አይጠፋም።

አቅም ካለ አርሴኒክን አንድ ጊዜ አስመርምሩ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አንዳንድ ጉድጓዶች ላይ ስለሚገኝ ነው። ገደቡ 0.01 ሚሊግራም በሊትር ነው። ፒኤች (የውሃው አሲድነት)፣ ጨዋማነትና ድፍርስነት አብዛኛው ቦታ አብረው ይሠራሉ።

የማጣሪያ ሻጮች ይዘውት ስለሚዞሩት እንደ እስክሪብቶ ያለ መለኪያ ላንሳ። እሱ የሚያሳየው በጠቅላላው የሟሟውን ጨው ብቻ ነው። ፍሎራይድ አይነግራችሁም፣ ጀርምም አይነግራችሁም። ሁለት ብረት ውሃ ውስጥ ከተው በኤሌክትሪክ ቡናማ የሚያደርጉበት ማሳያ ካጋጠማችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ቡናማው ከብረቱ ራሱ የወጣ ዝገት ነው።

አራተኛ፦ የት ይመረመራል?

አዳማ ውስጥ የኅብረተሰብ ጤና ላቦራቶሪ አለ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ላቦራቶሪዎች አሉት። አዲስ አበባ ድረስ መውሰድ ለሚችል የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትና የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት አሉ። የወረዳችሁን የውሃ ጽሕፈት ቤትና ጤና ጣቢያችሁንም ጠይቁ፤ አንዳንዴ በእጅ የሚያዝ መመርመሪያ ይዘው መስክ ይወጣሉ።

የትኛውም ቦታ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ «የግለሰብ ጉድጓድ ውሃ ትመረምራላችሁ? ፍሎራይድ ይሠራል ወይ? ለባክቴሪያ የሚሆን ጠርሙስ ከእናንተ ነው የምወስደው? በየትኛው ቀን፣ እስከ ስንት ሰዓት ትቀበላላችሁ? ዋጋው ስንት ነው? ውጤቱ መቼ ይደርሳል?» የባክቴሪያው ምርመራ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ማሞቂያ ውስጥ ስለሚቆይ ዓርብ ከሰዓት ናሙና ይዞ መሄድ ብዙ ጊዜ ድካም ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ ናሙና አወሳሰድ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እኔ መጀመሪያ የወሰድኩት ናሙና ተመልሷል። ውሃውን የቀዳሁት በታጠበ የለስላሳ ጠርሙስ ነበር። የተቀበለችኝ ባለሙያ በትህትና እንዲህ አለችኝ፦ «ወንድሜ፣ ይሄ ላይ ባክቴሪያ ብናገኝ ከጉድጓዱ ይሁን ከጠርሙሱ በምን እናውቃለን?» እውነቷን ነበር።

ሁለት ጠርሙስ ያስፈልጋችኋል፤ አያያዛቸውም ተቃራኒ ነው።

ለፍሎራይድና ለኬሚካሉ ንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዙ፤ 1 ሊትር ይበቃል። ብርጭቆ አይሁን፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ይያያዛል። ጠርሙሱን በራሱ በጉድጓዱ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁትና ድፉት። ከዚያ እስከ አፉ ሙሉና ክደኑት። ፍሎራይድ ቶሎ አይበላሽም። ናይትሬት ካለበት ግን ቀዝቅዞ በሁለት ቀን ውስጥ ይድረስ።

ለባክቴሪያ ላቦራቶሪው የሰጣችሁን የተቀቀለ ጠርሙስ ብቻ ተጠቀሙ። ይህን በፍጹም አታለቅልቁት። ውስጡ ዱቄት ቢጤ ካለ ክሎሪን የሚያከሽፍ መድኃኒት ነው፣ አትድፉት። ከዚያ እንዲህ ቀጥሉ።

1. እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
2. በዲናሞ የምትስቡ ከሆነ ከሮቶው ሳይሆን ከጉድጓዱ በቀጥታ ከሚመጣው ቧንቧ ቅዱ። ከሮቶ ከቀዳችሁ የመረመራችሁት ሮቶውን ነው። ቧንቧው አፍ ላይ ጎማ ወይም ወንፊት ካለ አውልቁት።
3. የቧንቧውን አፍ በአልኮል በራሰ ጥጥ ጥረጉት። ብረት ከሆነ በክብሪት ወይም በላይተር ነበልባል ለጥቂት ሰከንድ ብታነዱት ይሻላል። ከዚያ ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይፍሰስ።
4. ክዳኑን ስትከፍቱ ውስጡን አትንኩ፣ መሬት ላይም አታስቀምጡት። በአንድ እጅ ይዛችሁት ቆዩ። አትናገሩበት፣ አታስሉበት።
5. ጥቂት አየር ትታችሁ ሙሉና ወዲያው ክደኑ።

ቧንቧ የሌለው ጉድጓድ ከሆነ ሁለት መንገድ አለ። በቤቱ ባልዲ ከቀዳችሁ የምታገኙት ቤተሰቡ የሚጠጣውን ነው፤ ባልዲውና ገመዱ ያመጡትን ጨምሮ። ጉድጓዱን ብቻ ማወቅ ከፈለጋችሁ ላቦራቶሪው በገመድና በክብደት የሚወርድ ጠርሙስ እንዲያዘጋጅላችሁ ጠይቁ። ስታወርዱት ግድግዳውን እንዳይነካ፣ ታች ያለውን ዝቃጭም እንዳያናውጥ ተጠንቀቁ። እኔ ሁለቱንም ብትወስዱ ደስ ይለኛል። ባልዲው ላይ ባክቴሪያ ተገኝቶ ጉድጓዱ ንጹሕ ከሆነ፣ መፍትሔው አዲስ ባልዲና ገመዱን የሚሰቅሉበት አንድ ሚስማር ነው።

ጠርሙሱ ላይ ስም፣ ቦታ፣ ቀን፣ ሰዓት ጻፉ። በላስቲክ ጠቅልላችሁ በረዶ ያለበት ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ ይዞ ፀሐይ እያስመቱ መሄድ ውጤቱን ያበላሻል። በ6 ሰዓት ውስጥ ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ከ24 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ጠዋት 2 ሰዓት ቀድታችሁ 4 ሰዓት ላይ ማስረከብ ትችላላችሁ።

ስድስተኛ፦ ወረቀቱን ማንበብ

ኢ. ኮላይ ዜሮ ካለ እሰየው። ከ1 እስከ 10 ከሆነ አደጋው ዝቅተኛ ነው፤ ግን ንጹሕ አይደለም። ከ10 እስከ 100 መካከለኛ፣ ከ100 በላይ ከፍተኛ። «ለመቁጠር ያዳግታል» የሚል ካያችሁ ከዚያ ቀን ጀምራችሁ ሳታክሙት አትጠጡ።

ፍሎራይድ ከ1.5 በታች ከሆነ ለመጠጥ ይሆናል። ከዚያ በላይ ከሆነ ለመጠጥና ለምግብ ሌላ ውሃ ፈልጉ፤ በተለይ ዕድሜያቸው ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች። ቋሚ ጥርሶቻቸው ድድ ውስጥ ሆነው የሚሠሩት በዚያ ጊዜ ነው። አንዴ የበለዘ ጥርስ ውሃ ቀይሮ አይመለስም። ሻይና ወጥ የሚሠራበትም ውሃ እንደሚቆጠር አትርሱ። ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለው።

ሰባተኛ፦ ባክቴሪያ ከተገኘ

መጀመሪያ ምክንያቱን ዝጉ፤ ስንጥቁን፣ ክዳኑን፣ ገመዱን። ይህን ሳታደርጉ ክሎሪን መጨመር ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል መወልወል ነው። በመካከሉ የምትጠጡትን አፍሉ፤ ተንተክትኮ አንድ ደቂቃ ይበቃል። ወይም ውሃ አጋር የተባለውን የክሎሪን መድኃኒት በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።

ከዚያ ጉድጓዱን አክሙት። ሒሳቡ ቀላል ነው። የጉድጓዱ ስፋት 1.2 ሜትር፣ የውሃው ከፍታ 3 ሜትር ነው እንበል። ግማሹ ስፋት 0.6 ነው። 0.6 በ0.6፣ በ3.14፣ በ3 ስታባዙ 3.4 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል፤ 3,400 ሊትር ማለት ነው። ክሎሪኑ 5 በመቶ የሆነ ተራ በረኪና ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ስትጨምሩ በሊትር 50 ሚሊግራም ይሆናል። ስለዚህ 3.4 ሊትር ያስፈልጋል። ሽታ ወይም የሳሙና ቅይጥ ያለበት በረኪና አይሁን። የቆየ በረኪና ኃይሉ ስለሚደክም ቀኑን እዩ። ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

በረኪናውን በባልዲ ውሃ በጥብጡና ግድግዳውን እያራሳችሁ አፍስሱ። ዲናሞ ካለ በሁሉም ቧንቧ የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ክፈቱ፣ ከዚያ ዝጉ። ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማንም አይቅዳ፤ ጎረቤቶቻችሁን አስቀድማችሁ ንገሩ። በማግስቱ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ አውጥታችሁ ድፉት፤ አትክልት ላይ ግን አይሁን። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ እንደገና አስመርምሩ። እስከዚያ እያፈላችሁ ጠጡ።

ስምንተኛ፦ ፍሎራይድ ከበዛ

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጉድጓዱ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት የለም። ወደ ጥልቀት መቆፈርም ዋስትና አይደለም፤ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ውሃ መለየት ነው። የአዳማ ከተማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። ለመጠጥና ለማብሰል ከቦኖ ወይም ቧንቧ ካለው ጎረቤት ቅዱ። ጉድጓዱ ለልብስ፣ ለጽዳት፣ ለግንባታ ይሁን። ለአንድ ሰው ለመጠጥና ለማብሰል በቀን የሚያስፈልገው ጥቂት ሊትር ስለሆነ፣ ሸክሙ እንደሚፈራው አይበዛም።

ክረምት ሲመጣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሀብት ነው። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። አሸንዳ ግጠሙ፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ያጥባልና ይፍሰስ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን በተከደነ ሮቶ አጠራቅሙ። ጀርም ሊኖረው ስለሚችል አክሙት።

መቀላቀልም ይቻላል፣ ግን ቁጥር በእጃችሁ ካለ ብቻ ነው። የጉድጓዳችሁ ፍሎራይድ በሊትር 4 ሚሊግራም ቢሆን፣ አንድ ጄሪካን ከእሱ፣ ሁለት ጄሪካን የዝናብ ውሃ ስትቀላቅሉ 1.3 ገደማ ይመጣል። ግማሽ በግማሽ ካደረጋችሁት ግን 2 ነው፤ ከገደቡ አልወረደም።

ማጣሪያ ልግዛ ካላችሁ ውሃውን በግፊት እጅግ ረቂቅ በሆነ ወንፊት የሚያሳልፈው፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው፣ ፍሎራይድ ያስቀራል። ከተቃጠለ የከብት አጥንት የሚሠራ ማጣሪያም ይሠራል፤ ነገር ግን አጥንቱ ከጊዜ በኋላ ስለሚሞላ መቀየር አለበት። አጥንቱ ከሞላ በኋላ «ገና አላለቀም» እያላችሁ ከጠጣችሁ፣ ማጣሪያው እንደሌለ ይቆጠራል። አልም በሚባል ጨውና በኖራ የሚሠራውን ዘዴ ያለ ባለሙያ ቤት ውስጥ በግምት አትሞክሩት። የትኛውንም ብትገዙ የገባውንና የወጣውን ውሃ ጎን ለጎን አስመርምሩ፤ የሻጩን ቃል በዚህ ነው የምትፈትኑት።

መቼ ይደገም?

ባክቴሪያ በዓመት አንዴ፣ ቢቻል ክረምቱ መሃል ላይ። ከዚያ ውጪ ጎርፍ ከገባ፣ ጉድጓዱ ከተጠገነ፣ ቤት ውስጥ ተቅማጥ ከበዛ ወዲያው። ፍሎራይድ በየቀኑ አይለዋወጥም፤ አንዴ በደንብ ከታወቀ በሁለት ሦስት ዓመት መድገም ይበቃል። መጀመሪያ ላይ ግን አንዴ በበጋ፣ አንዴ በክረምት ብታስመረምሩ ልዩነቱን ታያላችሁ። ውጤቶቹን በአንድ ደብተር ያዙ። ቤቱን የሚከራይ ወይም የሚገዛ ሰው ሲመጣም አሳዩት፤ ልጆች ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አክስቴ ጋ አሁን ሁለት ዓይነት ጄሪካን አለ። ቢጫው የቦኖ ውሃ ነው፣ ወጥ ቤት ይቀመጣል። ሰማያዊው የጉድጓዱ ነው፣ ደጅ ይቀመጣል። ገመዱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ታናሿ የልጅ ልጇ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ከቢጫው ብቻ ነው የምትጠጣው።